ብርድ ቤት የተኛው ጋን

የልጄ ባል ዳዊት አሮጌ ፍሪጅ በጋሪ አስጭኖ ግቢያችን የገባ ዕለት፣ ለምግብ ማስቀመጫ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ ለቢራ ኖሯል። ዳዊት ባንክ ቤት ነው የሚሠራው፤ ቁጥር ሲደምር ውሎ ሲገባ እጁ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ካቻምና ንብ ነበር፣ አምና ዶሮ። ዘንድሮ ደግሞ ቢራ በገዛ እጄ ጠምቄ ካልጠጣሁ ብሎ ተነሣ። «ቢራማ ከደብረ ማርቆስ እስከ አማኑኤል በየመንገዱ ዳር ሞልቶ የለም እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እማማ፣ የራስ ሌላ ነው» አለኝ። ሌላ ከሆነ ይሁን ብዬ ትልቁን ድስቴን ሰጠሁት። ድስቱ እስካሁን አልተመለሰልኝም። መብራት በጠፋ ቁጥር ፍሪጁን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ቴርሞሜትሩን እያየ አጠገቡ ይቆማል። ልጄ ስትወልድ እንኳ እንዲያ ሲጨነቅ አላየሁትም።

ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ጠርሙስ ይዞ በረንዳው ላይ ወደ ተቀመጥኩበት መጣ። ቢራው ከአንድ ድስት የወጣ፣ በአንድ ቀን የታሸገ ነው። አንዱን ጠርሙስ ወጥ ቤት ምድጃው አጠገብ አቆይቶታል፣ አንዱን እኔ አልጋ ሥር (ሳላውቅ ነው)፣ አንዱን ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ። እየቀመስኩ እንድፈርድለት ነው። የምድጃው ለምላስ ሻካራ ነበር፣ የበሰበሰ ሙዝ የሚመስል ጠረንም ነበረው። ያልጋ ሥሩ ደኅና ነው። የፍሪጁ ግን ጥርት ያለ፣ ለጉሮሮ የሚለሰልስ። «ያው ቢራ ነው እኮ እማማ፤ የሚለየው የተኛበት ቦታ ብቻ ነው። ላገር የሚሉት ይሄንን በብርድ ቀስ ብሎ የደረሰውን ነው» አለኝ፣ ትልቅ ምሥጢር እንደሚያካፍል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እኔ ሳቄ መጣ። ሳቁ ቆይቶ ዕንባ ሆነ። ልጁ ደንግጦ ጠርሙሶቹን ሰብስቦ ገባ፤ የተቀለደበት መስሎት ይሆናል። እኔስ የሳቅሁት በእሱ አልነበረም። የብቅሉ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ቀርቶ፣ እኔን ይዞ ወደ አማቴ ወደ እመይቴ አንጓች ቤት ሄዶ ነበር።

ዘመኑ መቼ እንደነበር በዓመተ ምሕረት ከምነግራችሁ በዋጋ ብነግራችሁ ይሻላል። ጣሳ ጠላ በአሥር ሳንቲም የሚጠጣበት፣ በስሙኒ ጠጥቶ የጠገበ ሰው ጓደኛውን የሚጋብዝበት ጊዜ ነበር። ጎረምሶቹ እግሩ መሬት የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ ለብሰው፣ ጠጉራቸውን እንደ ጎመን አሳድገው፣ ከገበያው ማዕዘን ላይ ከሐጂ ሰይድ ሱቅ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ሐጂ ጨው፣ ላምባና አቡጀዲ ይሸጣሉ፤ ሬዲዮናቸው ግን ለመንገዱ ሁሉ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዘፈን ሲጀምር ልብስ ሰፊዎቹ በየበረንዳው መኪናቸውን ቀስ ያደርጋሉ፤ ግጥሙ እንዳያመልጣቸው ነው። አሁን በዚያ ማዕዘን ላይ አራት ፎቅ ቆሟል፤ ከታች ሞባይል ይጠገናል፣ ከላይ ምን እንደሚደረግ አላውቅም። ከሱቁ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ የተደፋበት ቤት የእመይቴ አንጓች ጠላ ቤት ነበር። እዚያ ቤት ነው በምራትነት የገባሁት።

እኔ ከደጀን ቁልቁል፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍ የመጣሁ የቆላ ልጅ ነኝ። ባሌ አያሌው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ በደጀን ሲያልፍ ሲያገድም አይቶኝ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ የገና ጾም ሳይገባ በኅዳር መጀመሪያ አገባኝ። ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው ነበር፤ ግን ዘመኑ ሁሉ መንገድ ላይ ነው ያለቀው። በተጋባን በሳምንታችን አረንጓዴ ሹራብ፣ ትልልቅ ቁልፍ ያለው፣ ከገበያ ገዝቶልኝ ሄደ። ሹራቡን ለብሼ እተኛ ነበር። ከጮቄ ተራራ የሚወርደውን ነፋስ የማያውቅ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበል። ጠዋት ግቢው ውስጥ ሣሩ ነጭ ሆኖ ሳየው ጨው የፈሰሰ መስሎኝ በጣቴ ነክቼ ቀምሻለሁ። እመይቴ አንጓች ከደጃፍ ቆመው አይተውኛል። አልሳቁም፤ እሳቸው በቀላሉ የሚስቁ ሰው አልነበሩም።

ለልጃቸው ያሰቡት ሌላ ነበር። ደብረ ወርቅ ከካህን ቤት የተወለደች፣ ዘሯ የታወቀ ልጅ አጭተውለት ነበር ይባላል። እኔ ስመጣ አልተጣሉም፣ አላለቀሱም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ለጎረቤት ሲናገሩ ሰምቻለሁ። «ሙቀት የለመደች ናት። ብርድ ቤት አትጸናም» አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ ስለ ችግኝ እንደሚናገር ሰው ነው ያሉት። ክፉ ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለክፉ መልስ አይጠፋም። ሴቶቹ ደግሞ ቦኖ ውሃ ስንቀዳ እየሳቁ ያስፈራሩኛል። «አንጓች ቤት ምራት የምትፈተነው በጠላ ነው። ጠላዋ ካማረ ትኖራለች፣ ካልሆነ በቅሎ ይጫንላታል» ይላሉ። በዚያን ጊዜ በቅሎ የሚጭን አልነበረም፤ አውቶቡስ ነበር። ቢሆንም ተመልሳ የሄደች ሙሽራ በእኛ አገር ምን እንደምትባል አውቃለሁ። እናቴ ቤት ከእኔ በታች ሁለት ያልተዳሩ እኅቶች ነበሩ። ሌሊት ሌሊት የምፈራው ብርዱን ብቻ አልነበረም።

የጫጉላው ጊዜ ሲያበቃ እመይቴ ጠሩኝ። «የታኅሣሥ ገብርኤል ማኅበር ዘንድሮ እኛ ቤት ነው። ጠላውን አንቺ ትጠምቂዋለሽ» አሉኝ። ገብሱን፣ ዳጉሳውን፣ ጌሾውን፣ ብቅሉን፣ ከሁሉም የተሻለውን ጋናቸውን አስረከቡኝ። የቤታቸው ሕግ አንድ ነው፤ ለማኅበርም ለሽያጭም የሚጠመቅ ጠላ እስኪከፈት ድረስ ከጠማቂዋ በቀር ሌላ ዓይን አያየውም፣ ሌላ እጅ አይነካውም። ስለዚህ እሳቸው ሲጠምቁ እኔ አላየሁም፤ እኔ ስጠምቅ ደግሞ እሳቸው አያዩም። አሁን ሳስበው፣ ያ ሕግ ባይኖር ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር። ደግሞም ባይኖር የምጽፈው አልነበረኝም።

ጠላ መጥመቅ አውቃለሁ። የእናቴ ጠላ በበረሃው አፋፍ ሁሉ የተመሰገነ ነበር። ጋኑን በግራዋ አጠብሁት፣ በወይራ አጠንሁት፣ ጠነሰስሁ፣ ቂጣውን ጋገርሁ፣ ደፈደፍሁ፣ ውሃውን ሞላሁ። ከቦታው በቀር ያጠፋሁት ነገር የለም። በቆላ የጠላ ጠላቱ ሙቀት ነው። ጋኑን ደጅ ካስቀመጥሽው ፈልቶ ይገነፍልና በማግሥቱ ሆምጣጤ ይሆናል። ስለዚህ እናቴ ጥላ ያለበት መሬት ትቆፍርና ጋኑን እስከ አንገቱ ትቀብረዋለች፤ ጠዋት ጠዋት ዙሪያውን አፈሩን በውሃ ታርሰዋለች። እኔም አማቴን ላስደስት ብዬ ከቤቱ ሁሉ የሚቀዘቅዘውን ቦታ ፈለግሁ። ከቤቱ በስተጀርባ ወደ ጮቄ ፊቱን የሰጠ፣ ፀሐይ የማይጎበኘው ጓዳ ነበር፤ እነሱም ብርድ ቤት ነው የሚሉት። ቆፈርሁ፣ ቀበርሁ፣ አፉን በጭቃ መረግሁ። በታኅሣሥ ውርጭ፣ ጣቴ እየደነዘዘ፣ ጠዋት ጠዋት አፈሩን ውሃ አጠጣው ነበር። እንዴት ያለ ጎበዝ ምራት ነኝ እያልኩ።

በደጋ ጠላ በመጀመሪያ ሙቀት እንደሚፈልግ ማን ይንገረኝ? እመይቴ በብርድ ወራት ጋኑን እሳቸው ብቻ በሚገቡበት ጓዳ ከምድጃ ጀርባ አስቀምጠው፣ በጭድና ባረጀ ጋቢ ጠቅልለው ነበር የሚያፈሉት። ብርድ ቤት የሚያስገቡት ከፈላ በኋላ፣ እንዲጠራ ብቻ ነው። ይህንን ያወቅሁት ኋላ ነው።

በገብርኤል ዕለት ጠዋት ጭቃውን አንሥቼ ጋኑን ከፈትሁ። የጠላ ሽታ የለም። አረፋ የለም። በቅል ጨልፌ ብቀምሰው ጌሾ የነካው ጣፋጭ ውሃ ነው። ጆሮዬን ጋኑ ላይ ለጠፍሁ፤ የሚሠራ ጠላ ውስጥ ውስጡን ያንሾካሹካል፤ ይሄ ግን ጭጭ ብሏል። እዚያው ከመሬቱ ላይ ተቀመጥሁ። ማኅበርተኛው ከሰዓት በኋላ ይመጣል። እንደምን ብዬ እንደጠራኋቸው አላስታውስም፤ እመይቴ አንጓች በሩ ላይ ቆመው ነበር። ጠላው ከተከፈተ በኋላ መግባት ይፈቀዳልና ገቡ። ከእጄ ቅሉን ወስደው ቀመሱ። ጎንበስ ብለው በጋኑ ዙሪያ ያለውን ርጥብ አፈር በጣታቸው ነኩ።

«ውሃ ታጠጪው ነበር?»

«አዎ፣ እመይቴ።»

«በታኅሣሥ?»

«እኛ አገር እንዲሁ ነው።»

«እናንተ አገር» አሉ። ጋኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አረንጓዴ ሹራቤን አዩ። «ድገሚና ምረጊው። ውሃ ማጠጣቱን ተዪ፤ ጠላውን ግን አትድፊው፤ የደከሙበት እህል አይደፋም። ይተኛ፤ ሲጠግብ ይነሣል» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ሽማግሌ ሊጠሩ የሄዱ መሰለኝ። ገብቼ ልብሴን ማጣጠፍ ጀመርሁ።

የሄዱት ወይዘሮ ጥሩዬ ቤት ነበር። ወይዘሮ ጥሩዬ ከመናኸሪያው አጠገብ ጠላ ይሸጣሉ፤ እሳቸውና አማቴ የደብረ ማርቆስን ጠጪ ለሁለት የተካፈሉ ባላንጣዎች ናቸው። ደንበኛ አማልሎ ስለ መውሰድ ተጣልተው፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሲገናኙ አንዷ በግራ አንዷ በቀኝ ነበር የሚሳለሙት። ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። እመይቴ አንጓች በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ደጃፋቸው ሄደው ጠላ ለመኑ። ወይዘሮ ጥሩዬም ክፉ አልነበሩም፣ ሰጧቸው። ሴቶች እንስራ ተሸክመው በሐጂ ሰይድ ሱቅ ፊት ሲያልፉ፣ ሬዲዮኑ እየዘፈነ፣ ልብስ ሰፊዎቹ መርፌያቸውን አቁመው ያዩ ነበር አሉ። ጠላ ሻጭ ጠላ ስትለምን ማየት በዚያ መንገድ አዲስ ነገር ነበር።

ማኅበርተኛው መጣ፣ ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ የጾም ወጡ ቀረበ። እኔ ጓዳ ሆኜ ሽሮ አወጣለሁ፤ በመጋረጃው በኩል ሁሉንም እሰማለሁ። ጠላው ተቀዳ። አንድ ሽማግሌ ጠጡና ጣሳቸውን አዩ።

«አንጓች፣ ይሄ የጥሩዬ እጅ አይደለም እንዴ?»

«ነው» አሉ እመይቴ።

«ያንቺስ?»

«የእኔ ተበላሸ። ብርድ መታው። ጋኑን የማያስቀምጡበት ቦታ አስቀምጬ እኔው ነኝ ያጠፋሁት።»

የነፍስ አባታችን፣ «ምራትሽ ናት የጠመቀችው ሲሉ ሰማሁ» አሉ። «ልጅቷማ ገና ሙሽራ ናት፣ አባ፤ ጋንም አላስያዝኋት» አሉ እመይቴ። በካህን ፊት፣ በገብርኤል ዕለት። የሽሮው ጭልፋ እጄ ላይ ቆመ። ለአባ ይህንን እንደምን ብለው እንደተናዘዙ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ንስሐው ግን ከባድ ሳይሆን አልቀረም፤ ጾሙ እስኪፈታ ድረስ ስግደት አብዝተው ነበር።

ሰው ሲሄድ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ነገ በየቤቱ ዞሬ እውነቱን እናገራለሁ» አልኋቸው። አነሡኝ። «ዝም በይ» አሉ። «የእኔ ስም የቆየ ነው፤ አንድ ጋን አይጥለውም። ያንቺ ግን ገና ዛሬ የተወለደ ነው። በዛሬው ከጠሩሽ ዕድሜሽን ሙሉ በእሱ ይጠሩሻል።» ይህንን ያሉት ዕቃ እያነሡ ነው፤ ፊታቸውን እንኳ ወደ እኔ አላዞሩም። እኔ ግን ከዚያ በፊት ሰው እንዲያ ብሎኝ አያውቅም።

እውነት ለመናገር ስማቸው አልወደቀም ማለት አልችልም። ጎንበስ ብሏል። የሠርክ ደንበኞች አንድ ሁለት እያሉ ወደ መናኸሪያው ወረዱ። የቀሩትም ጣሳቸውን ከመቅመሳቸው በፊት ያሸቱ ነበር፤ «ዛሬስ ብርድ አልመታውም?» ብለው ይስቃሉ። እመይቴ አብረው ይስቃሉ፤ ያ የማይስቁት ሴትዮ። ባዶው መደብ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ሲቋጩ ሳያቸው፣ ጓዳ ገብቼ የታጠበውን ጣሳ ደግሜ አጥብ ነበር። ብርድ ቤት ስላለው ጋን አንዳችንም አንሥተን አናውቅም። እኔ ረሳሁት ማለት ይቀላል፤ ማየት ስላልፈለግሁ ነው። እሳቸው ግን አልረሱትም ኖሯል። ጠዋት ጠዋት ጆሯቸውን ሲለጥፉበት ቆይተዋል።

ጥምቀት ደረሰ። አያሌው ከመንገድ ተመለሰ፤ ከጉንደ ወይን ዘመዶቹ መጡ። ደጁ በሽፎን ለባሽና በባለ ጥለት ነጠላ ተሞላ፤ ታቦቱን ሸኝቶ የሚመለሰው ሕዝብ ዘፈን መንገዱን አናወጠው። አማቴ ከገብርኤል ወዲህ ሰላም የሚሏቸውን ወይዘሮ ጥሩዬንም ጠርተው ከላይ አስቀምጠዋቸዋል። እኔን በዓይናቸው ጠቀሱኝና ወደ ብርድ ቤት ወሰዱኝ። «ክፈቺ» አሉኝ። ጭቃውን ሳነሣ ሽታው ተቀበለኝ። ያ የተኛ ጠላ በብርዱ ውስጥ፣ ማንም ሳያጣድፈው፣ ቀስ እያለ ሠርቶ፣ አተላውን ወደ ታች ጥሎ ጠርቷል። በማሰሮ ቀድቼ ብርጭቆ ላይ ባፈስሰው በማዶ ያለው ግድግዳ ይታያል። ዳዊት ፍሪጅ አስጭኖ፣ ቴርሞሜትር ገዝቶ የሚፈልገው ይሄንኑ ነበር። እመይቴ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥተው ረጅም ጊዜ አዩት። አልቀመሱትም።

ማሰሮውን ይዤ ተከትያቸው ወደ እንግዶቹ ወጣሁ። ወይዘሮ ጥሩዬ ብርጭቆውን ከእጃቸው ተቀብለው አዩና፣ አንገታቸውን ነቀነቁ። «አንጓች፣ ይሄስ ተነግሮም አያልቅ። እጅሽ ተመለሰልሽ» አሉ።

«የእኔ እጅ አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

በእኛ አገር ጠላ ለእንግዳ ሲቀዳ በመጀመሪያ ከመዳፍ ላይ ጠብ አድርጋ የምትቀምሰው የቤቱ እመቤት ናት። እዚያ ቤት እኔ እስከማውቀው ድረስ ከእመይቴ አንጓች በቀር ማንም ቀምሶ አያውቅም። ሁሉም እጃቸውን ሲዘረጉ ይጠብቃል። እሳቸው ግን እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱና ወደ እኔ ዞሩ።

«ቅመሺ እንጂ ልጄ» አሉኝ፣ የጉንደ ወይን ዘመድ፣ ወይዘሮ ጥሩዬም፣ ያ የገብርኤሉ ሽማግሌም ሁሉም እየሰማ። «እመቤቲቱ ሳትቀምስ እኛ እንዴት እንጠጣለን?»

መዳፌ ላይ አፈሰስሁ። ጠላው ቀዝቃዛ ነበር። ዋጥሁትና ማሰሮውን አነሣሁ። ከእንግዳው ሁሉ አስቀድሜ ለእሳቸው ቀዳሁላቸው።